መረበሽን ችሎ መቆየት፦ ከኦሲዲ ጋር ለሚኖር ሰው የትኛው መንገድ ይሻላል?

ኦሲዲ የማይፈለግ ሐሳብ ደጋግሞ የሚመጣበት፣ ሰውየውም ጭንቀቱን ለማስታገስ አንድን ድርጊት ደጋግሞ ለመፈጸም የሚገደድበት ሕመም ነው፤ ይህን ድርጊት አስገዳጅ ድርጊት እለዋለሁ። ኦሲዲ ያለበት ሰው መታከም ሲያስብ ምክሩ ይበዛበታል። አንዱ የሚፈሩትን ነገር ፊት ለፊት ይጋፈጡ ይለዋል። ሌላው ሐሳቡን ይቀበሉት እንጂ አይታገሉት ይላል። ሐኪም መድኃኒት ያዝለታል፤ ወዳጅ ደግሞ በረጅሙ ተንፍሶ እንዲረጋጋ ይመክረዋል። ሁሉም ለበጎ አስበው ነው የሚናገሩት፤ የሚያደርሱት ግን የተለያየ ቦታ ነው። መጠራጠር ራሱ ሕመሙ ለሆነበት ሰው ደግሞ ይህ ምርጫ አንድ ተጨማሪ መጨነቂያ ይሆንበታል። «ትክክለኛውን ሕክምና ሳልመርጥ ብቀርስ?» እያለ ሲያነብ፣ ሲያወዳድር፣ ሰው ሲጠይቅ ወራት ያልፋሉ።

እዚህ አማራጮቹን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ጭንቀቱን ቶሎ የሚያስታግሰው የትኛው ነው የሚል አይደለም፤ ኦሲዲ የሚፋፋው ጭንቀትን ቶሎ በማስታገስ ነውና። እጅ መታጠብ፣ ተመልሶ በሩን ማየት፣ «ምንም አላጠፋሁም አይደል?» ብሎ መጠየቅ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋሉ። የሚደጋገሙትም ስለሚያሳርፉ ነው። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ የመረጡት መንገድ ጭንቀቱ እያለ መኖርን ያስተምርዎታል ወይስ ከጭንቀቱ የሚያመልጡበት ሌላ በር ይከፍትልዎታል?

የሚረብሽዎ ምን ዓይነት ስሜት ነው?

ወደ ሕክምናዎቹ ከመግባቴ በፊት እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ጉዳይ ነው። እጃቸውን ደጋግመው የሚታጠቡ አራት ሰዎች እንውሰድ። የመጀመሪያው ልጁን በበሽታ እንዳይበክል ይፈራል። ሁለተኛዋ በሽታ ይይዘኛል ብላ አታስብም፤ እጇ ግን ይቀፋታል። ሦስተኛው አይፈራም፣ አይቀፈውም፤ ሁለቱ እጆቹ እኩል ካልረጠቡ ግን የሆነ ነገር የጎደለ፣ ያልተሟላ ይመስለዋል። አራተኛዋ አንድ ነውረኛ ሐሳብ በአእምሮዋ ስላለፈ ጥፋተኝነት ይሰማታል፤ በመታጠብ ከሐሳቡ የምትነጻ ይመስላታል። ከውጭ ለሚያያቸው የአራቱም ድርጊት አንድ ነው፤ ችለው ሊቆዩት የሚገባቸው ስሜት ግን ይለያያል።

ፍርሃት ውስጥ ትንበያ አለ፦ «ይህን ካላደረግሁ ያ ይሆናል»። ትንበያ ስላለ ሊፈተን ይችላል። መጸየፍ ግን ከፍርሃት ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው። የሚቀፈውን ነገር እየነካ የሚለማመድ ሰው እንደ ፍርሃት ቶሎ ይበርድልኛል ብሎ ከጠበቀ፣ ሕክምናው አልሠራልኝም ብሎ መንገዱ አጋማሽ ላይ ያቆማል። ልምምዱ ለእሱም ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ብዙ ድግግሞሽና ረዘም ያለ ጊዜ ነው። «አልተሟላም» የሚለው ስሜት ምንም አደጋ አይተነብይም። ትንበያው ራሱን ሰውየውን የሚመለከት ነው፦ «ይህ ስሜት አይለቀኝም፣ አልችለውም»። ስለዚህ ልምምዱ የሚያነጣጥረው እዚህ ላይ ይሆናል።

ነውረኛ ሐሳብ የሚያሠቃያቸው ሰዎች አስገዳጅ ድርጊታቸው አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። በልባቸው ይጸልያሉ፣ ሐሳቡን በሌላ ሐሳብ ይሰርዛሉ፣ «እንዲህ ያሰብኩት ፈልጌ ይሆን?» እያሉ የራሳቸውን ልብ ይመረምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ኦሲዲ የሌለባቸውን ሰዎች ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ በይዘቱ ከሕሙማኑ የማይለይ ሐሳብ ድንገት እንደሚመጣባቸው ተናግረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሐሳቡ ከመጣ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የትኛውንም ሕክምና ከመምረጣቸው በፊት በውስጣቸው የሚፈጽሙትን ድርጊት ለይተው በወረቀት ቢያሰፍሩ ይጠቀማሉ። ያልታወቀ ድርጊት አይተውምና።

ማረጋጋት ወይስ አብሮ መቆየት?

በረጅሙ መተንፈስ፣ ጡንቻን ማፍታታት፣ ሐሳብን ወደ ሌላ ነገር መመለስ ለድካምና ለእንቅልፍ ጥሩ ናቸው፤ ይህን አልነቅፍም። ለኦሲዲ ግን ደካማ ናቸው። በሕክምና ጥናቶች ውስጥ ጡንቻን የማፍታታት ልምምድ ተደጋግሞ የሚገባው ዋናው ሕክምና የሚነጻጸርበት ደካማ አማራጭ ሆኖ ነው። ሐሳብን ገፍቶ ማባረርም እንዲሁ ነው። ዳንኤል ዌግነር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ሰዎች ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ታዘው ነበር፤ ድቡ ግን ደጋግሞ ወደ ሐሳባቸው መጣ። በኋላ እንዲያስቡት ሲፈቀድላቸው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡት ከተነገራቸው ሰዎች ይበልጥ አሰቡት።

በተቃራኒው ምንም ሳያደርጉ መቆየት ምን ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ1976 ራክማን፣ ዴ ሲልቫና ሮፐር ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ይመልሳል። ሕሙማኑ ግፊቱን የሚቀሰቅስ ነገር እንዲያደርጉ ተደረገ፤ ከዚያ አስገዳጅ ድርጊታቸውን ሳይፈጽሙ እንዲቆዩ ተጠየቁ። ግፊቱም ጭንቀቱም በራሱ ጊዜ እየበረደ ሄደ፤ አብዛኛው መብረድ የታየውም በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነበር። ለዓመታት «ካልታጠብኩ ጭንቀቱ እየጨመረ ሄዶ ያሳብደኛል» ብሎ ላመነ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው። ጭንቀቱ ጣሪያ አለው። ሰውየው እስከ ጣሪያው ቆይቶ ስለማያውቅ ነው ማለቂያ የሌለው የሚመስለው።

እዚህ ላይ ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ አብሮ መቆየት። መተንፈሱን የሚወዱት ከሆነ ለመኝታ ሰዓት ያቆዩት፤ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ለማባረሪያ አይጠቀሙበት።

በመሰላል ወይስ በቅልቅል?

አብሮ መቆየትን በሥርዓት የሚያስተምረው ሕክምና ኢአርፒ (መጋለጥና ምላሽን መከልከል) ይባላል። ሁለት ግማሾች አሉት፦ ሆን ብሎ ወደሚያስጨንቀው ነገር መቅረብ፣ ከዚያ አስገዳጁን ድርጊት አለመፈጸም። መሠረቱን የጣለው ቪክቶር ማየር እ.ኤ.አ. በ1966 በለንደን የሁለት ሕሙማንን ሕክምና ሲያሳትም፣ ቀድሞ እጅግ አስቸጋሪ ይባል በነበረው ሕመም ላይ ለውጥ ያመጣው ሁለተኛውን ግማሽ አጥብቆ በመያዙ ነው። ዛሬም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው ነው። የሚፈራውን ይነካል፤ ከዚያ ማንም ሳያየው እጁን በልብሱ ይጠርጋል፣ ወይም «ቆይቼ እታጠባለሁ» ብሎ ለራሱ ቃል ይገባል። ይህ ግማሹ ሕክምና ነው፤ ግማሹ ደግሞ ብዙ አይፈይድም።

የተለመደው አካሄድ መሰላሉ ነው። የሚያስጨንቁዎትን ነገሮች ይዘረዝራሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከመካከለኛው በታች ካለው ይጀምራሉ፤ ጭንቀቱ እስኪበርድ ይቆያሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይወጣሉ። ጥንካሬው ለመጀመር ቀላል መሆኑ ነው። ለልጆች፣ በጣም ለፈሩ፣ ከዚህ ቀደም ሕክምና ጀምረው ላቋረጡ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ድክመቱ ኋላ ይመጣል። ሰውየው የልምምዱን መሳካት በጭንቀቱ መውረድ ብቻ መለካት ይለምዳል፤ «ወረደ? አልወረደም?» እያለ ልቡን ያዳምጣል። ይህ ማዳመጥ ሌላ ማጣሪያ፣ ማለትም ሌላ አስገዳጅ ድርጊት ይሆናል። አንድ ቀን ጭንቀቱ ሳይወርድ ሲቀርም ሁሉ ነገር የፈረሰ ይመስለዋል።

ሌላው አካሄድ በሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ ሥራ የተስፋፋው ቅልቅሉ ነው። መነሻው እንዲህ የሚል ነው፦ የቆየ ፍርሃት ከአእምሮ አይፋቅም፤ አጠገቡ አዲስ ትምህርት ይቀመጣል፣ ሁለቱም ይፎካከራሉ። አዲሱ እንዲያሸንፍ ሰውየው የጠበቀውና የሆነው ነገር በጉልህ መለያየት አለባቸው። ስለዚህ ልምምዱ ቅደም ተከተል አይጠብቅም፤ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ስሜቱ ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን ቀላሉ፣ በማግስቱ ከባዱ ይሞከራል። ጭንቀቱ በዚያው ሰዓት መውረዱ አስፈላጊ አይደለም።

በምሳሌ ላስረዳ። መኪና ሲነዳ ሰው የገጨ እየመሰለው ተመልሶ መንገዱን የሚያይ ሰው አለ። በመሰላሉ መጀመሪያ ጭር ባለ መንገድ ሳይመለስ ይነዳል፤ ከዚያ እግረኛ ባለበት፤ በመጨረሻ በምሽት። በሁለተኛው አካሄድ ከመነሳቱ በፊት ትንበያውን ይጽፋል። ትንበያው እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሰው አልገጨሁም» የሚለውን ለመፈተን ከተነሳ ማለቂያ የለውም፤ ኦሲዲ ሁልጊዜ «ያላየኸው ቢኖርስ?» ይለዋልና። በኃጢአት ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ በሚመጣ በሽታ የሚጨነቅ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የሚፈራውን ነገር አለመሆን የሚያሳይ ፈተና የለም። ሊፈተን የሚችለው ስለ ራሱ አቅም ያለው ትንበያ ነው፦ «ሳልመለስ ቤቴ ብገባ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ነገ ሥራ መሥራት አልችልም»። በማግስቱ ያነበዋል። ምናልባት ዘግይቶ ነው የተኛው፤ ምናልባት ሲረበሽ ነው ያደረው፤ ሥራውን ግን ሠርቷል። አልችለውም ያለውን ቻለ። በእኔ እምነት ኢአርፒ ለሰው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የፈሩት አለመድረሱን ከማወቅም ይበልጣል።

ለጀማሪ መሰላሉን እመርጣለሁ። መሰላሉን ወጥቶ ጨርሶ አዲስ ቦታ ሲሄድ ወይም አዲስ ሥራ ሲይዝ ሕመሙ ለተመለሰበት ሰው፣ እንዲሁም ጭንቀቱን በየደቂቃው ለሚለካ ሰው ቅልቅሉ ይሻላል።

ማቆም፣ ማዘግየት ወይስ ማበላሸት?

አስገዳጁን ድርጊት በአንድ ጊዜ ማቆም ከሁሉም ይበልጣል፤ ለሁሉም ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን የሚቻል አይደለም። ማዘግየት ማለት ግፊቱ ሲመጣ «ለ15 ደቂቃ ላቆየው» ብሎ ሥራን መቀጠልና ሰዓቱ ሲደርስ እንደገና መወሰን ነው። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ሲደርስ ግፊቱ ላልቶ ይገኛል። አደጋው ሰውየው ሰዓቱን አፍጥጦ እያየ ፈቃዱን መጠበቅ ሲጀምር ነው። እንዲህ ከሆነ የሚታገሰው መረበሹን ሳይሆን ወረፋውን ነው፤ ደቂቃውን ማራዘም ወይም ሰዓቱን መተው ያስፈልጋል።

ማበላሸት የምለው ደግሞ ድርጊቱ በሥርዓቱ እንዳይፈጸም ማድረግን ነው። በቁጥር የሚታጠብ ሰው መሐል ላይ ያቆማል፤ ሁልጊዜ በቀኝ የሚጀምር በግራ ይጀምራል፤ ጽሑፉን ደጋግሞ የሚያርም አንድ የፊደል ስህተት ሆን ብሎ ትቶ ይልካል። «አልተሟላም» የሚለው ስሜት ለሚያስቸግረው ሰው ከሦስቱ ይህን አስቀድማለሁ።

ሦስቱንም በሚሞክር ሰው ላይ አንድ ነገር ይደርሳል፦ ይሸነፋል፣ ድርጊቱን ይፈጽማል። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ በራስ መቆጣት ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ወዲያው ተመልሶ መጋለጥ ነው። እጁን ታጥቦ ከሆነ ያንኑ ነገር እንደገና ይነካል፤ ማረጋገጫ ጠይቆ ከሆነ «እውነት ላይሆንም ይችላል» ብሎ ጥርጣሬውን መልሶ ይከፍተዋል። ድርጊቱ ያመጣው ዕረፍት እንዲቆይ ካልተፈቀደለት ጉልበቱ ይቀንሳል።

ኢአርፒ፣ አክት ወይስ አይ-ሲቢቲ?

አክት የሚባለው የመቀበልና የቁርጠኝነት ሕክምና ጭንቀትዎ ይቀንሳል ብሎ ቃል አይገባም። የሚጠይቅዎ ለሕይወትዎ ዋጋ ያለው ነገር ምን እንደሆነና ጭንቀቱን ይዘው ያንን ለማድረግ ፈቃደኛ መሆንዎን ነው። ሐሳቡን እንደ ሐሳብ ማየትን ያስተምራል፦ «ልጄን እጎዳለሁ» ከማለት «ልጄን እጎዳለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ማለትን። እ.ኤ.አ. በ2010 ትዊሂግና ባልደረቦቹ 79 አዋቂዎችን በ8 ክፍለ ጊዜ ሲያክሙ፣ በሕክምናው ሰዓት የመጋለጥ ልምምድ ሳይኖር፣ አክት ጡንቻን ከማፍታታት ልምምድ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመውና 58 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ኢአርፒ ለብቻውና ኢአርፒ ከአክት ጋር ተነጻጸሩ፤ ሁለቱም በጣም ረዱ፣ ልዩነት ግን አልታየም። ስለዚህ «ወይ ይህ ወይ ያ» ብሎ ራስን ማስጨነቅ አያስፈልግም። ኢአርፒን ትርጉም የሌለው ሥቃይ አድርጎ ለሚያይ፣ ለምን እንደሚታገስ ለጠፋበት ሰው የአክት ቋንቋ ልቡን ይከፍትለታል።

የአክት ወጥመድ ስውር ነው። ሰውየው «እሺ፣ ተቀብዬሃለሁ» ይላል፤ በልቡ ግን «ስለዚህ አሁን ሂድልኝ» ብሎ ይጨምራል። ይህ መቀበል ሳይሆን ድርድር ነው። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ስሜት እስከ ማታ ቢቆይ የጀመርኩትን እቀጥላለሁ? መልሱ «አልቀጥልም» ከሆነ መቀበሉ ገና አልተጀመረም።

አይ-ሲቢቲ በካናዳ በኪረን ኦኮነርና በፍሬደሪክ አርደማ ሥራ የዳበረ ነው። እንደ እነሱ አባባል የኦሲዲ ጥርጣሬ የሚነሳው ዓይን ካየው ወይም ጆሮ ከሰማው ነገር አይደለም፤ «ሊሆን ይችላል» ከሚል ምናባዊ ታሪክ ነው። ሕክምናው ሰውየው ከእውነታ ወደ ታሪኩ የተሻገረበትን ቅጽበት እንዲለይና ወደ ስሜት ሕዋሳቱ ምስክርነት እንዲመለስ ያሠለጥነዋል። ሆን ተብሎ የሚደረግ መጋለጥ የለበትም። መጋለጥን ፈጽሞ እምቢ ላለ ሰው መልካም በር ነው፤ የጥናት ማስረጃው ግን የኢአርፒን ያህል አልተከማቸም። ዓላማውም ጥርጣሬውን ማክሰም እንጂ መረበሽን መቻል አይደለም፤ ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሁለተኛ የማደርገው ለዚህ ነው። አጥብቆ የመመርመር ልማድ ያለበት ሰው «ይህ ኦሲዲ ነው ወይስ እውነት?» የሚለውን ክርክር አዲስ አስገዳጅ ድርጊት እንዳያደርገውም መጠንቀቅ አለበት።

በጨዋታና በምክር ብቻ የሚካሄድ፣ ባለሙያው ሐሳቡ እውነት አለመሆኑን በየሳምንቱ የሚያስረዳበት ሕክምናን አልመክርም። ማረጋገጫ መስጠት ነው፤ ሰጪው ባለሙያ መሆኑ አይለውጠውም።

መድኃኒት መውሰድ ደካማነት ነው?

አይደለም። ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ፤ «በራሴ ካልተቋቋምኩት ዋጋ የለውም» ብለው ዓመታት የሚሠቃዩ ሰዎች አሉና። ቁጥሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤድና ፎአና ባልደረቦቿ ባሳተሙት 122 አዋቂዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ የ12 ሳምንቱን ሕክምና ከጨረሱት መካከል ለውጥ ያሳዩት በኢአርፒ 86 በመቶ፣ ክሎሚፕራሚን በተባለው መድኃኒት 48 በመቶ፣ በሁለቱ አንድ ላይ 79 በመቶ፣ በማስመሰያ ክኒን 10 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መድኃኒት እየወሰዱ ምልክቱ ያልለቀቃቸውን 100 ሰዎች ወሰደ። ኢአርፒ ከተጨመረላቸው 80 በመቶ፣ ሪስፔሪዶን የተባለ ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከተጨመረላቸው 23 በመቶ፣ ማስመሰያ ከተጨመረላቸው 15 በመቶ ተሻላቸው።

ከዚህ የምወስደው ኢአርፒ የሚያገኝ ሰው እሱን ቢያስቀድም ነው። ሕመሙ ከባድ ከሆነ፣ ድብርት ከተጨመረበት፣ ልምምዱን ለመጀመር እንኳ አቅም ከጠፋ ወይም ኢአርፒ የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ ግን መድኃኒቱ ይቅደም፤ ጭንቀቱን ሊሸከሙት ወደሚችሉት ልክ ያወርደዋል፣ ልምምዱም ይከተላል።

ቅድሚያ የሚሰጣቸው ኤስኤስአርአይ የተባሉት የድብርት መድኃኒቶች ናቸው፦ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ፍሉቮክሳሚን፣ ፓሮክሰቲን። ለኦሲዲ ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚታዘዘው ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋል፤ ውጤቱን ለመመዘንም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው። ክሎሚፕራሚን ይሠራል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ስለሚበዛና ልብንም ሊነካ ስለሚችል ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆይቶ ነው የሚሞከረው። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳይቀሰቀስባቸው የቅርብ ክትትል ይፈልጋሉ። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አያቁሙ። ቶሎ የሚያረጋጉ፣ እንደ ዲያዜፓም ያሉ ክኒኖችን ከልምምድ በፊት መዋጥ ደግሞ ቀደም ብዬ ያልኩት የማምለጫ በር ነው፤ ሰውየው የቻለው ራሱ ይሁን ክኒኑ ሳያውቅ ይቀራል።

ለብቻ፣ ከባለሙያ ጋር ወይስ በተከታታይ ቀናት?

አስገዳጅ ድርጊቶቹ በቀን ከአንድ ሰዓት በታች የሚወስዱና ሥራና ትምህርት ያላስተጓጎሉ ከሆነ፣ በጥሩ መመሪያ ለብቻ መጀመር ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ድርጊቱ በአእምሮ ውስጥ ከሆነ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ የራስን ስውር ማምለጫ ለብቻ ማየት ከባድ ነው። በቪዲዮ የሚሰጥ ኢአርፒ ፊት ለፊት ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ ውጤት አለው፤ እንዲያውም ልምምዱ ድርጊቱ በሚፈጸምበት ቤት ውስጥ ስለሚካሄድ ጥቅም አለው።

በኖርዌይ በርገን ጌርድ ክቫሌና ቢያርነ ሃንሰን የጀመሩት የአራት ቀን ሕክምና ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሕሙማን በትንሽ ቡድን ይሰባሰባሉ፤ እያንዳንዱ ግን የራሱ ባለሙያ ይመደብለታል። በመካከለኞቹ ሁለት ቀናት ያለ ዕረፍት ሊባል በሚችል መልኩ ወደ ጭንቀቱ ይገባሉ። ከአራት ዓመት በኋላ በተደረገ ክትትል ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ከሕመሙ ነጻ ነበሩ። በየሳምንቱ እየተገናኙ መሐል ላይ ለሚቀዘቅዙ ሰዎች እንዲህ ያለው ይስማማል። ለማይገኝበት ሰው ሐሳቡን መዋስ ይቻላል፤ ጥቂት ተከታታይ ቀናትን ለልምምድ ብቻ መስጠት።

ቤተሰብ መመለስ አለበት ወይስ ዝም ማለት?

«በሩን ቆልፌዋለሁ አይደል?» ተብሎ ለአሥረኛ ጊዜ የተጠየቀ ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስለዋል፦ መመለስ ወይም መቆጣት። መመለሱ ሕመሙን ይመግበዋል፤ መቆጣቱ የተጠየቀውን ሳይመልስ የታመመውን ብቻ ይጎዳል። ሦስተኛ መንገድ አለ። ሁለቱም ሳይጨናነቁ፣ በሰላሙ ሰዓት ተቀምጠው ይስማማሉ፤ ከዚያ ጥያቄው ሲመጣ ሚስት ለባሏ እንዲህ ልትለው ትችላለች፦ «እንደጨነቀህ አያለሁ። ይህን ግን ላለመመለስ ተስማምተናል። ና አብረን እንቀመጥ።» እናት ለልጇ፦ «ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ የኔ ልጅ፤ ከዚህ ቀደምም ችለኸዋል።» መልሱ ቀረ እንጂ ሰውየው ብቻውን አልቀረም። ያለ ስምምነት፣ በድንገት ማረጋገጫውን ማቋረጥ ግን ቤቱን የጦር ሜዳ ያደርገዋል፤ በአንድ ጥያቄ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስፋት ይሻላል።

የማይታገሱት መረበሽም አለ

መቻል የሚገባው የኦሲዲ መረበሽ ነው። የሚበድልዎ ሰው የሚያደርስብዎትን ሥቃይ፣ ያልተመረመረ የሰውነት ሕመም፣ ራስን ለማጥፋት ያለ ዕቅድ «ልቻለው» ብለው አይቀመጡ፤ ወዲያው እርዳታ ይፈልጉ። ራስን ስለማጥፋት የሚመጣው ሐሳብ ኦሲዲ ይሁን እውነተኛ ፍላጎት መለየት ካልቻሉም ፍርዱን ለባለሙያ ይተዉት። ጥሩ ኢአርፒ ከእምነትዎ ጋር የሚጣላ ወይም በእውነት አደገኛ የሆነ ነገር አያስገድድዎትም፤ ባለሙያው ልምምዱን ራሱም ለማድረግ ፈቃደኛ መሆን ይገባዋል።

ባለሙያ ሲመርጡ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጥያቄዎች ይጠይቁ። ኦሲዲን በምን ያክማሉ? መጋለጡ ራሱ በሕክምናው ሰዓት ይካሄዳል ወይስ ስለ እሱ ብቻ እናወራለን? በአእምሮ ውስጥ የሚፈጸሙ አስገዳጅ ድርጊቶችን እንዴት ይይዛሉ? ማረጋገጫ ስጠይቅዎት ምን ይሉኛል? ለውጡን በምን ይለካሉ? ለመጨረሻው ብዙ ባለሙያዎች ከ0 እስከ 40 ነጥብ ያለውን የዬል-ብራውን መለኪያ ይጠቀማሉ። እርስዎም በቤትዎ ሁለት ነገር ይመዝግቡ፦ በቀን አስገዳጅ ድርጊት የወሰደብዎትን ጊዜ፣ እና እየተረበሹም ቢሆን ያደረጉትን አንድ ነገር። የጭንቀቱን መጠን መመዝገብ የለብዎትም። በትጋት ከተለማመዱ ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱም ካልተነቃነቁ፣ መዝገቡን ይዘው ወደ ባለሙያው ይሂዱና የቀረ ስውር ድርጊት ካለ አብራችሁ ፈልጉ፤ የመድኃኒቱ መጠንም ይታይ።